አባቷ ሳይሰማው የማይወጣ ዘፈን

እኛ የቶባ ሐይቅ ዳር ሰዎች፣ ባታኮች፣ በዘፈን ቀልድ አናውቅም። እኔ ቱዋክ፣ የዘንባባ ጠጅ፣ እሸጣለሁ፤ ሰው ላፖዬ፣ መጠጥ ቤቴ፣ ድረስ የሚመጣው ለመጠጡ ብቻ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል። ቱዋክ ከየትኛውም ዘንባባ ይቀዳል። የኔ ቤት የሚለየው ጊታር ሲነካ ገበሬውም፣ አሳ አጥማጁም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም የየራሱን ድምፅ ይዞ ስለሚገባ ነው፤ አንዱ ቀጭኑን፣ አንዱ መካከለኛውን፣ አንዱ ወፍራሙን። ማንም ግባ አይለውም። ሰው ያልገባበት ዘፈን እኛ ዘንድ ዘፈን አይባልም፤ ዘፋኙም አፍሮ ጊታሩን ያስቀምጣል።

ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው የእህቴ ባል ነበር። በሐይቁ ላይ የመንገደኛ ጀልባ ይነዳል። ስሙን አልጠራም፤ በኛ አገር ሰው ከወለደ በኋላ የሚጠራው በበኩር ልጁ ነው፤ የራሱን ስም እሱም ሳይረሳው አይቀርም። ስለዚህ ለሁላችንም የቲያርማ አባት ነው።

ቲያርማን ታውቋታላችሁ፤ በዚህ ስም ባይሆንም። የሙዚቃ ነጋዴዎች ጃካርታ ወስደው “ቪኒ” አሏት። የሠርግ ዜማችንን ከበሮ በከበሮ አደረጉትና ከሜዳን ከተማ እስከ ጃካርታ ያልተጨፈረበት ድግስ ጠፋ። እኔም ጨፍሬበታለሁ፣ አልዋሽም። አባቷ ግን ወደቡ ላይ ጎረምሶች “የቪኒ አባት፣ እንዴት ዋልክ?” ሲሉት “እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም” አላቸው። ከዚያ ወዲያ ላፖ መምጣት ተወ። ዘፈናችንም ከታች ጎደለ።

ዘንድሮ ዝናብ ሲያባራ ቲያርማ ጊታሯን ይዛ ብቻዋን መጣች። አብሯት ካሜራ የለ፣ ጨፋሪ የለ። አሳ በቅመም አብስዬ አቀረብኩላት።

“አጎቴ፣ ከሰዎቹ ጋር ተለያየሁ” አለችኝ እሾሁን እየለቀመች።

“አባረሩሽ?”

“እኔ ነኝ ያባረርኳቸው። አዲሱ ዘፈኔ የራሴ ነገር ነው። እንዲህ ሆድ የሚያባባ ነገር ማን ይጨፍርበታል አሉኝ።”

“ታዲያ ራስሽ አታወጪውም?”

“አባዬ ሳይሰማው አላወጣም። ስለሱ ነው። ካልወደደው ይቅር፣ ሁለተኛም አልዘፍንም።”

“እቤት ዝፈኝለታ!”

“ትናንት ጊታሬን ሳወጣ ጀልባዬን ልየው ብሎ ወጣ። ዛሬም እንደዛው።”

አንጀቴን በላችው። ንዴቴም መጣ። እኔ እኮ የሚስቱ ወንድም ነኝ። በኛ ወግ ሰው ንጉሥ ያስቀይማል እንጂ የሚስቱን ወንድም አያስቀይምም፤ በረከቱም እርግማኑም ያለው በዚያ ወገን ነው። በዚህ ሥልጣኔ አዘውትሬ አልኮፈስም፤ ያን ቀን ግን ተኮፈስኩበት። “እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፖ እንድትመጣ” ብዬ ላክሁበት።

መጣ። ወግ ነዋ፣ ምን ያድርግ! ግን ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ተቀመጠ። ና እንጂ ስማ አላልከኝም ማለቱ ነው።

የሳውት አባት የሚባለው አሳ አጥማጅ ነገር ካልጫረ ቱዋኩ አይወርድለትም። “የቲያርማ አባት፣ ምነው? አሳ ልትቆጥር ነው የመጣኸው?” አለው።

“አንተ ስለማትይዛቸው በዝተው ነው እንጂ እቆጥራቸው ነበር” አለ ዞር ሳይል። ቤቱ ሳቀ። እኔም ቢያንስ አፉ አልተዘጋም ብዬ ተጽናናሁ።

ቲያርማ ጊታሯን አቀፈች። “ይሄ የቪኒ አይደለም፤ የቲያርማ ዘፈን ነው” አለች። በሺህ ሰው ፊት የዘለለችው ልጅ እኛ ደርዘን የማንሞላ ሽማግሎች ፊት የተቃኘ ጊታሯን እንደገና ቃኘች። ጃካርታ ልትሄድ አባቷ በጀልባው ያሻገራትን ጠዋት ነበር የምትዘፍነው፤ ማንም ምንም ያልተናገረበትን መንገድ። ወንዶቹ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማውን ይዘውት ሊገቡ አፋቸውን ሲከፍቱ የቲያርማ አባት እንደተቀመጠ እጁን አነሳ። ላፖዬ ውስጥ ባታክ አፉን ሲዘጋ ያን ቀን አየሁ።

*ወደቡ ላይ ስንደርስ፣ ጎንበስ አልክ ሞተሩ ላይ፣*
*ጨርቅህን እንደያዝክ፣ ፊቴን ሳታይ፤*
*ተቆጥቶኛል ብዬ፣ ሳልስምህ ወረድኩኝ፣*
*ሞተሩስ ደኅና ነበር፣ ዘንድሮ ገባኝ።*

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ይሄ ሰው እናቱ ስትቀበር እንኳ ዕንባውን ሰው እንዲያይ ያልፈቀደ ኩሩ ነው። ልጁ ደግሞ አብረውት በሚጠጡ ሰዎች ፊት ገለጠችው። እኔም በወግ አስሬ እዚያ ያስቀመጥኩት ነኝ። ተነስቶ ከወጣ ዘፈኑም አለቀለት፣ ልጅቷም አለቀላት። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ልቤ በኩራት ተነፋ፤ ድፍረቷን የወረሰችው ከኛ ወገን ነው። እንዲህ ያለውን እውነት ያለ ከበሮ፣ በአንድ ጊታር ብቻ ቆማ የተናገረች የእህቴ ልጅ ናት።

ዘፈኑ አለቀ። ቲያርማ መዳፏን አውታሮቹ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

የቲያርማ አባት ወንበሩን ቀስ ብሎ አዞረ። ፊቱ ቀልቷል። “ውሸት ነው” አለ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

“ሞተሩ ዘይት ያፈስ ነበር።”

“ከየትኛው ዓይኑ?” አለ የሳውት አባት።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የቲያርማ አባት ሊቆጣ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን ሳቁ አመለጠውና ዕንባውም ተከትሎት ወረደ። ሊጠርገው እንኳ አልሞከረም። እንደዚያው ሆኖ ልጁን ከላይ እስከ ታች አያት።

“አባዬ፣ ላውጣው?” አለችው።

“ከፍ አድርገሽ ነው የጀመርሽው” አላት። “እዚያ ላይ እኔ የምገባበት የለኝም። ዝቅ አድርገሽ ድገሚው፣ ቲያርማ።”

ዝቅ አድርጋ ጀመረች። እሱ ቀድሞ ገባ፤ እኛ ከኋላው።