ራዲዮ ኮንሰርት የሄደች ቀን

የሽመና ፋብሪካ ውስጥ ሰው በጆሮው አይኖርም። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ ጎን ለጎን የቆሙ ሴቶች ተጯጩኸው እንኳ አይደማመጡም፤ ስለዚህ በድምፅ መነጋገሩን ከተዉት ቆይተዋል። ቃሉን በከንፈራቸው ብቻ ይናገሩታል፣ ወዲያ ማዶ ያለችው አይታ ትመልሳለች። በዚህ ሙያ ራዲዮን የሚያህላት የለም። ራዲዮ የተባለችውም ከቆመችበት ሳትነቃነቅ የአዳራሹን ወሬ ከዳር እስከ ዳር ለቅማ ስለምታሰራጭ ነው። ፎርማኑ በመስታወት ቢሮው ውስጥ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ፣ ማን ማንን እንደረታ ከምሳ በፊት ሁሉም ያውቃል።

እንዲህ ባለ ቦታ ጆሮ ሲሄድ ልብ የሚለው የለም። ራዲዮን መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሏት፣ ቀጥሎ የበሩ መንኳኳት ጠፋ፤ አሁን ደግሞ ልጇ ከኋላዋ ስትጠራት አትሰማም፣ ልጅቷም ቀሚሷን መጎተት ለምዳለች። ራዲዮ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ደወል ይደወላል፤ ደወሉን የማይሰማ ሠራተኛ እጁን ያስበላል ተብሎ ይሰናበታል። እሷም የሌሎቹን እጅ እያየች፣ ሲያነሱ እያነሳች ከረመች። «ድካም ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች ለራሷ።

የኮንሰርቱን ሐሳብ ያመጡት ጓደኞቿ ናቸው። አንዷ ቀጮ ናት፤ ቀጮ ይበሏት እንጂ ሁለት ሰው የምታክል፣ ከራዲዮ ጎን ባለው ማሽን የምትሠራ ሴት ናት። ሌላዋ ሹሩባ ናት፤ ክር ታቀርብላቸዋለች፣ ለሐዘኑም ለሳቁም እንባ ይቀድማታል። ሦስቱም ኮንሰርቱን የምታቀርበውን ዘፋኝ ዘፈን እየዘፈኑ ነው ያገቡትም የፈቱትም። «ትኬቱን ገዝተናል፣ እምቢ ማለት የለም» አሏት። ራዲዮ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብበት ሰነበተች። ያንን ድምፅ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ከሰማች ነገሩ ድካም ነው፤ ካልሰማች ግን ጆሮዋ አልቆለታል። እንዲህ ብላ ከራሷ ጋር ተወራረደች።

እሁድ ከሰዓት ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ዘፋኟ ስትወጣ ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ወረወረ፣ ራዲዮም ወረወረች። ከበሮው ደረቷን ደለቀው። ከዚያ ጠበቀች። በትልቁ ስክሪን የዘፋኟ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ራዲዮ ቃሉን አንድም ሳይቀር ታነበዋለች፣ ድምፁ ግን የለም። አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝም አዘነበለች። ጓደኞቿ ውኃ ልንገዛ ብለው ሲሄዱ ጠብቃ፣ ሰው እየገፋች ድምፅ ማጉያው ሥር ደረሰች። አጥንቷ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዋ ግን እንደ ግድግዳ ዝም አለ። 

ጓደኞቿን በዓይኗ ስትፈልግ ወዲያ አጥሩ ሥር ቆመው አየቻቸው። ጫጫታው ስላላስወራቸው እንደ ፋብሪካው በከንፈር ይነጋገራሉ። ከራዲዮ የሚደበቅ ነገር ሲኖር አፍን መሸፈን እንደሚያስፈልግ ከነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከዚያ ርቀት ታየናለች ብለው አላሰቡም።

«ዛሬ አትንገሪያት» ትላለች ሹሩባ ዓይኗን እየጠረገች። «ዛሬን እንኳ ትደሰት።»

«ነገ ከበር ሊመልሷት እኮ ነው። ከፎርማኑ ከምትሰማው ከኛ ብትሰማው አይሻልም?» አለች ቀጮ። «ማሽኑ ሳይነሳ፣ ሊፈትናት ብረት ከኋላዋ ሲጥል አይቻለሁ። ሁላችን ክው ስንል እሷ ክሯን ትቋጥራለች።»

«ማሽኗስ?»

«ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ አዳራሹ ሁሉ የሚያውቀውን ወሬ ራዲዮ ብቻዋን ሳታገኘው ቀርታለች። ስንቱ አፉን ሸፍኖ ሲያወራባት እንደከረመ አሰበችና አፈረች። እፍረቱ ከሐዘኑ ቀደመ።

ከዚያ ወዲያ ምንም ማንበብ አልፈለገችም። ዓይኗን ስትጨፍን ስታዲየሙ እንዳለ ጠፋ። ዘፈኑን ራሷ ጀመረችው። በጭንቅላቷ ውስጥ የዘፋኟ ድምፅ ልክ እንደ ድሮው፣ ከነትንፋሹ መጣላት። የሰማች መሰላት፤ እንዲያውም ደስ አላት። ደረቷን የሚመታው ከበሮው ይሁን የገዛ ልቧ ሳትለይ፣ ከዘፈኑ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰች ዘፈነች።

ትከሻዋን ሲነኳት ዓይኗን ገለጠች። መድረኩ ባዶ ነበር። ዘፋኟ ለዕረፍት ገብታለች፣ ሙዚቀኞቹም ወርደዋል። ዙሪያዋን ያለው ሰው ፊቱን ወደሷ አዙሮ፣ ገሚሱ እየሳቀ፣ ገሚሱ በስልኩ እየቀረጻት ያያታል። ቀጮና ሹሩባ ውኃውን እንደያዙ አጠገቧ ቆመዋል። ፍለጋ አላስፈለጋቸውም፣ ድምፅዋ መርቷቸዋል።

«ዘፈኑ ካለቀ ቆየ እኮ፣ የኔ እህት» አለቻት ቀጮ፣ ቃሉን በከንፈሯ ቀስ አድርጋ።

ራዲዮ ጠርሙሱን ተቀበለቻት። «ማሽኔን ለማን ሰጡት?» አለች።

ሹሩባ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። ቀጮ መለሰችላት፤ ግን አንገቷን ደፍታ ስለነበር ራዲዮ ምን እንዳለች አላወቀችም።