ጥፍር የማያውቀው ጎን

ብልጭታው እስከ ክርኑ ይረጫል። ሰውየው መቁረጫ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደሚሽከረከረው ድንጋይ ያስጠጋዋል፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያቀዘቅዘዋል፣ መልሶ ያስጠጋዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ግን የሚስለውን አያየውም።

ከነጋ ጀምሮ ቀኝ ዓይኑ ላይ ግራጫ መጋረጃ ወርዷል። ግራው ድሮም ለወግ ያህል እንጂ ለሥራ አይሆንም። ጠዋት ፊቱን ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ መጋረጃው ንቅንቅ አላለም። ለማንም አልተናገረም። ፈርቶ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። የወርክሾፑን ስለት አብዛኛውን የሚስለው እሱ ስለሆነ “ምላጭ” ይሉታል፤ የማያይ ምላጭ ደግሞ ማን ይፈልጋል? ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲያይ ሊውል ነው፤ ያውም ግድግዳው ከታየው።

“አባዬ፣ አልደረሰም እንዴ?” አለች ልጁ ከብረት መቅረጫዋ፣ ከቶርኖዋ አጠገብ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሙያውን ያስተማራት ራሱ ነው። ቶርኖው ላይ ክንድ የሚያህል የወፍጮ ዘንግ አስራ ስለቱን ትጠብቃለች።

“መጣሁ፣ መጣሁ! ስለት በጥድፊያ አይሳልም።”

ከጎናቸው የሚሠራው በያጅ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። “ጋሽ ምላጭ ዛሬ ደነዙ መሰለኝ!”

“አንተን ለመላጨት አላንስም!” አለ። 

ድንጋዩን አጠፋና የስለቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጎተት አደረገው። ነከሰው፤ በደንብ የተሳለ ስለት ጥፍር ላይ አይንሸራተትም። ተመስገን አለ። ነገር ግን ጥፍር የሚያውቀው ጫፉን ብቻ ነው። ከጫፉ ሥር ያለው ጎን ወደ ውስጥ ሸሸት ብሎ መሳል አለበት፤ ካልሸሸ መቁረጡን ትቶ ዘንጉን ይገፋዋል። ያንን የሚለየው ዓይን ነው። ሰውየው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እያወቀም ብረቱን ወስዶ ሰጣት።

“እጅህ ይባረክ!” አለች፤ አላገላበጠችውም እንኳ። አባቷ የሳለውን ምን ብላ ትመረምራለች?

ቶርኖው ተነሳ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ ሲጥጥጥ የሚል ጩኸት መጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ሰውየው ድምፁን ያውቀዋል፤ ዘንጉ እየተገፋ ነው። ያ ሁሉ ብረት ነክሶ ከያዘው የቶርኖ መንጋጋ ካመለጠ የሚያገኘው የልጁን ደረት ነው። እግሩ መሬቱ ላይ የተሰፋ ይመስል አልንቀሳቀስ አለው። ልጩህ? ከጮኸ ጉዱ ሊወጣ ነው። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ዕድሜ ልኩን የሚያፍርባትን አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ዝም አለ።

“አቁሚ! ዞር በይ!”

እየተደናበረ ደርሶ ቀዩን ማጥፊያ በመዳፉ መታው። ቶርኖው እያጉረመረመ ቆመ። ዘንጉ ከመንጋጋው ሁለት ጣት ያህል ተንሸራቶ ዘሟል።

“ምንድነው ይሄ?” የወርክሾፑ ኃላፊ ከቢሮው ወጣ።

የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። “ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው መሰለኝ።”

“መሰለኝ? ልትሞቺ ነበር እኮ! ስንቴ ነው የሚነገርሽ?”

ሰውየው ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቁጣውን እሷ ትቀበላለች፣ እሱ ምላጭ እንደተባለ ይኖራል፤ ነገም ሌላ ስለት ስሎ ይሰጣታል። ከሁሉም የባሰ ያስፈራው ይሄኛው ነው።

“እሷን ተዋት” አለ። “ስለቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጎኑን አላየሁትም። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔ አያይም።”

 በያጁ ጭንብሉን አውልቆ አስቀመጠ።

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ ጋሼ?” ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ፈራሁ።”

ልጁ ስለቱን ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጎኑን አየች። ከዚያ አባቷን አየች።

“ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አሁኑኑ።”

“እንሄዳለን። መጀመሪያ እሱን አስተካክዪው፤ እንዲህ እንዳለ አንዱ አንስቶ ይሠራበታል።”

ድንጋዩን አስነስታ መሳል ጀመረች። እሱ ግድግዳው ተደግፎ አዳመጠ። እጇ አይቸኩልም። 

ስትጨርስ፣ ሥራ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ እንደምታደርገው፣ ስለቱን ይዛለት መጣች። አልፎ አልፎ ራሷ የምትስለውን በእሱ ጥፍር ሳይፈተሽ አስራው አታውቅም።

“እስቲ ሞክረው፣ አባዬ።”

እጁ በልማድ ተነሳ። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ አውራ ጣቱን አጠፈና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

“በዓይንሽ እዪው” አላት። “ጎኑን እዪ። እኔን አትጠብቂ።”