ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ

አቶ ተዘራ የባልና ሚስት ጠብ በማብረድ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። እስራኤል አገር በክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ጎጆ ቢኖር ገና ያልተጣላ ነው። የሰውን ቤት ገመና ሲሰሙ የኖሩት ሰውዬ ግን የራሳቸውን አንዲት ገመና ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሽገው ይዘዋል።

ልጃቸው ኢንባር ሙያዋ የቤት አየር መተላለፊያ መንደፍ ነው፤ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ታሰምራለች። የእናቷ የወይዘሮ ዘቢደር ሳል አልለቅ ብሎ ሐኪሙ የመታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ነው ሲል፣ ለወላጆቿ ቤት የሚሆን የአየር መተላለፊያ ነደፈች። ኮርኒሱ ውስጥ የገባው ማሽን የመታጠቢያ ቤቱን እርጥብ አየር ይስባል፤ ወደ ውጭ ሳይጥለው በፊት ሙቀቱን ተቀብሎ ከውጭ ለሚመጣው ንጹሕ አየር ይሰጠዋል። የሞቀው አየር መኝታ ቤት ይገባና፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር በተተወች ሁለት ጣት በማትሞላ ክፍተት ሾልኮ ተመልሶ ይሳባል። ያቺ ክፍተት ከተዘጋች ማሽኑ በከንቱ ይጮሃል።

ክረምቱ ገባ፤ ሻጋታውም ሳሉም ተመለሱ። ኢንባር ግራ ገባት። አንድ ረቡዕ ሳትደውል መለኪያዋን ይዛ ከተፍ አለች። ወደ ኮርኒሱ ብታስጠጋው ምንም የሚንቀሳቀስ አየር የለም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታይ ከበሩ ግርጌ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቅዳጅ በፕላስተር ተለጥፏል። አቶ ተዘራ አርብ አርብ እሷ ከመምጣቷ በፊት ያነሱት ነበር፤ በረቡዕ ትመጣለች ብሎ ማን ጠርጥሮ።

የኢንባር ዓይን ልብስ ታጥፍ በነበረችው በአመለወርቅ ላይ አረፈ። አመለወርቅ ከድርጅት የተላከች አስታማሚ፣ በዕብራይስጡ ሜታፔሌት፣ ናት። ዘቢደር ግራ ጎናቸው ሰንፎ ከተኙ ወዲህ፣ ገላቸውን የምታጥባቸው እሷ እንደሆነች ነው ኢንባር የምታውቀው።

«በሩን የደፈንሽው አንቺ ነሽ? እናቴ በሻጋታ ትሙትልሽ?»

አመለወርቅ ሆድ ይፍጀው ብላ ልብሱን ማጠፏን ቀጠለች። የቤቱን ምስጢር ላለማውጣት ምላ ነበርና።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ሌላ ሜታፔሌት ይላኩልን» አለችና ኢንባር ወደ ድርጅቱ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

አቶ ተዘራ ዝም ቢሉ የሰው እንጀራ ሊዘጋ ነው። ቢናገሩ ደግሞ ወንድ ሚስቱን ያጥባል ተብሎ ነገ በሽማግሌዎቹ መካከል መሳቂያ ይሆናሉ። ከዚያ ይልቅ የከበዳቸው ለዘቢደር የሰጡት ቃል ነው።

«ተይ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «የወተፍሁት እኔ ነኝ። የእናትሽን ገላ የማጥበውም እኔ ነኝ።»

ኢንባር ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰች። ከአልጋው የዘቢደር ድምፅ ቀስ እያለ መጣ። «ባዕድ እጅ ሲነካኝ አፈርሁ። እኔ ነኝ አባትሽን ለማንም እንዳትናገር ያልሁት።»

«እሺ፣ በሩን ስለምን ዘጉት፣ አባ? ነግሬዎት አልነበር?»

«ነግረሽኛል። ግና ነፋስ ይመታታል።»

«አየሩ እኮ የሞቀ ነው።»

አቶ ተዘራ በሳል ሽማግሌ ናቸው፤ አልተከራከሩም። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወስደው በሩ አጠገብ ያለውን የፕላስቲክ በርጩማ አሳዩዋት። ዘቢደር በደህናው እጃቸው የግድግዳውን መደገፊያ የሚደርሱበት እዚያ ተቀምጠው ብቻ ነው። በኢንባር ወረቀት ላይ ታጣቢው የሚቀመጠው ከወዲያ ጥግ ነበር።

ኢንባር ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን በውኃ አራሰችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አባቷ ቅዳጁን አንሥተው በሩን ከውጭ ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ እግሯን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«እርጥብ እግር ሲነካ ይቆረጥማል፣ አባ» አለች ከውስጥ። «እማ የት እንደምትቀመጥ አልጠየቅሁም።» ወጥታም አመለወርቅን አቅፋ ይቅርታ ለመነቻት።

በሳምንቱ የበሩ ሥር ተደፈነ። ከበሩ በላይ ባለው ግድግዳ የአየር መተላለፊያ ተቆረጠና አየሩ ከራስ በላይ ሄደ። ኢንባር ለካች፤ መለኪያው እንዳሰበችው ሆነ። ዘቢደር በርጩማቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል፤ ውኃውም ሞቋል። እንዳያፍሩ ብላ ኢንባር ቦርሳዋን አነሣች።

አቶ ተዘራ ሚስታቸውን አዩ። ዘቢደር ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«ኢንባር፣ ግቢ» አሉ አቶ ተዘራ።

«ልሄድ ነበር እኮ፣ አባ።»

«አትሂጂ። እኔ የማልኖርበት ቀን ይመጣል።» ሳሙናውን ሰጧት። «ግራ ትከሻዋን ያማታል፤ ውኃውን ከቀኝ ትጀምሪያለሽ። ስትጨርሺ ፀጉሯን በደረቅ ፎጣ ነው፣ በቀስታ።»

ኢንባር እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና ከቀኝ ጀመረች።