ዶክተር ጉጠት የተረታበት ክርክር

የሰፈሩ የጥርስ ሐኪም ስለ እምነት ተከራክሮ ተረትቶ አያውቅም ነበር። ማንስ ይርታው? የሚከራከራቸው ሰዎች በሙሉ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ጉንጫቸው በጥጥ ተወትፎ፣ ምላሳቸው በመርፌ ደንዝዞ ነው የሚያዳምጡት። «ዶክተር ጉጠት» ይሉታል፤ ጥርስ በሚነቅልበት መሣሪያ የወጣለት ስም ነው። እጁ ለስላሳ፣ ጠባዩ ሸጋ፣ ሰው አክባሪ ነው። አንድ ዐመል ብቻ አለበት፤ የፈጣሪን መኖር በምክንያት ጥርት አድርጎ ማስረዳት ይቻላል ብሎ ያምናል፤ ወንበሩ ላይ ለተጋደመ ሁሉ ያንኑ ያስረዳል።

«እስቲ ልብ ይበሉ» ይላል፣ መስታወቷን አፍ ውስጥ እየከተተ። «የሚቆርጡት ፊት፣ የሚፈጩት ኋላ። ቢገለበጥ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ታዲያ ይህ ያለ አሰናጅ የመጣ ነው ይሉኛል?»

«አአ» ይላል ታካሚው።

«አዎን! እኔም የምለው እኮ እሱን ነው።»

ባለቤቱ ከግድግዳው ወዲያ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ትውላለች። እሷም አማኝ ናት፤ ስለ እምነቷ ስትከራከር ግን ሰው ሰምቷት አያውቅም። አንዳንዴ ብቻ «የዛሬዋን ሴትዮ ጥርሷን ነው ነፍሷን ነው ያከምከው?» ትለዋለች።

«ሁሉም ተስማምተው ነው የሚወጡት» ይላል ኮራ ብሎ።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ ዳኛ ጉንጫቸው እንደ ኳስ ተነፍቶ መጡ። የመጨረሻዋ መንጋጋቸው፣ ያቺ ሰው ካደገ በኋላ ዘግይታ የምትበቅለዋ፣ ተጋድማ ጎረቤቷን ትገፋለች። መነቀል ነበረባት፤ ሥራዋም ረጅም ነው። ሥራው ሲረዝም የዶክተር ጉጠት ንግግርም ይረዝማል። የጥርሶችን አሰላለፍ አስረዳ። ማንኛውም ነገር አስገኚ እንዳለው፣ ያም አስገኚ ሌላ አስገኚ እንዳለው፣ ነገሩ ግን የሆነ ቦታ መቆም እንዳለበት አስረዳ። በመጨረሻም «ደግሞስ ቢያምኑ ምን ይጎዳዎታል? ከሌለ ምንም አልከሰሩ፤ ካለ ግን አተረፉ!» ብሎ ደመደመ።

ዳኛው በመሐል ጣታቸውን ቀስረው ነበር።

«እንዳይንቀሳቀሱብኝ» አላቸው።

ቅንድባቸውን አነሡ። ዶክተሩ አድናቆት መሰለው። ጥርሷ ወጣች፤ ዳኛውም ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ከበሩ ላይ ዞር ብለው ረጅም አስተያየት አይተውት ሄዱ።

እብጠታቸው እንደ ጎደለ ያለ ቀጠሮ ተመልሰው መጡ።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ባለቤቱ።

«ጥርሴስ ደህና ነው። ዶክተሩን ጥሪልኝ፤ መልስ ይዤ ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። ተራ ጠባቂዎቹ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ» አሉ ዳኛው። «ያን ዕለት አፌ በእጅህ ነበር። አሁን ስማ። የጥርስ አሰላለፍ ፍጹም ነው አልከኝ። ይህን ስትለኝ ግን ተጋድማ የበቀለች ጥርሴን በጉጠት ትጎትት ነበር! አሰላለፉ እንዲያ ፍጹም ቢሆን ኖሮ አንተ ምን ሠርተህ ትበላ ነበር?»

አንድ ተራ ጠባቂ የታመመ ጉንጩን ይዞ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ «ውይ!» አለ።

«የአስገኚው ነገርስ» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁ ሳሳ ብሎ።

«እሱንማ አንተው ነህ ያቆምከው። ለምን እዚያ ላይ ቆመ ቢባል፣ ስለ ደከመህ እንጂ ሌላ ምክንያት አላመጣህም። ሦስተኛው ደግሞ ያሳፍራል። ካለ አተርፋለሁ፣ ከሌለ አልከስርም? ከፈጣሪ ጋር ልትነግድ ነው? እኔ እሱን ብሆን በዚህ ስሌት ለመጣብኝ ሰው በር አልከፍትም።»

ዶክተር ጉጠት አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ታካሚዎቹ «አአ» ብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ሲቆፍርም ሲሞላም ቃል አይወጣውም። ታካሚዎቹ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር፤ ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው «ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ? የማሽኑ ጩኸት ብቻ እየተሰማኝ ነፍሴ ልትወጣ ነው። እባክህ ያቺን የአስገኚ ምናምን በልልኝ» ብለው ለመኑት። ቢሞክር አልሆነለትም።

ማታ እራት ላይ ባለቤቱን ጠየቃት። «አንቺ ግን በምን ምክንያት ነው የምታምኚው?»

እሷ ዳቦ እየቆረሰች ሳቀች። «አግቢኝ ስትለኝ ምክንያት ደርድረህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ሥራ አለኝ፣ አልጠጣም፣ እናቴ ደግ ናት፣ ምን የማትለው አለ።»

«እና አሳመንኩሽ።»

«አንዱም አላሳመነኝ! የእናትህንም ደግነት በኋላ አየሁት። ያን ሁሉ ስትደረድር ላብህ ከአፍንጫህ ጫፍ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እሺ ያልኩህ እሱን አይቼ ነው።»

«ላብ ምክንያት ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ። ይኸው አብሬህ አለሁ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዳኛው ቤት ድረስ ሄዶ በር አንኳኳ። ዳኛው በነጠላ ጫማ ወጡ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ ዶክተሩ። «ፈጣሪ የለም ብለው ነው የሚያምኑት?»

«ማን አለህ? ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ፊት ያዋረዱኝ ለምንድነው?»

«የተበላሸ ክርክር ስሰማ ያመኛል። የሙያ በሽታ ነው።»

«እሺ፣ እርስዎስ በምን ማስረጃ ነው የሚጸልዩት?»

ዳኛው አገጫቸውን አከኩ። «ሰው ላይ ስፈርድ ኖርኩ። ከእኔ በላይ የሚያይ ዳኛ ከሌለ ጉዳችን ፈላ እያልኩ እፈራ ነበር። ያኔ ጀመርኩ፤ አልተውኩም።»

«ይህማ ፍርሃት እንጂ ማስረጃ አይደለም!» አለ ዶክተሩ፣ ፊቱ በርቶ።

«በደንብ!» አሉ ዳኛው እጃቸውን አጨብጭበው። «ተማርክ ማለት ነው። ግባ፣ ሻይ ይፈላ።»

ሻዩ ተፈላ፣ ተጠጣ፣ ደግሞም ተፈላ። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የነበራቸው ታካሚዎች ግማሾቹ ጥርሳቸውን ይዘው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ባለቤቱ ስልክ ስትደውልለት «ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነን» አላት። ስለዚህ ሕግ አወጣች፤ ክርክር ከሥራ በኋላ ብቻ። አሁን ማታ ማታ ሁለቱ በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይሟገታሉ፤ እሷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትታላቸው ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዶክተሩን አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ይረቱታል። ቤቱ የሚገባው ግን እያፏጨ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ድሮ ሲጸልይም ያስረዳ ነበር፤ ለፈጣሪ ራሱ የፈጣሪን መኖር ነጥብ በነጥብ ይተነትንለት ነበር። አንድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የሚያስረዳው ነገር አጣ። ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። እጁን አጣምሮ ዝም ብሎ ቆመ፤ ውጭ ሰው ወደ ሥራው ይጣደፋል።

ባለቤቱ ቦርሳዋን አንግታ በበሩ ብቅ አለች። «ጨረስክ እንዴ? እንሂድ፣ ረፈደ።»

«ቆይ» አለ። «ገና መጀመሬ ነው።»