ከቅጥሩ ፊት የቆመ መኪና

"አይቻልም ማለት ምን ማለት ነው? ከወልድያ ድረስ የመጣነው ለዚህ አይደል እንዴ!" በረከት መሪውን በመዳፉ መታው።

የግራናን ሸለቆ ኑና እዩት እያለች አስጎብኚ ድርጅቱን በስልክ ስትጨቀጭቅ የከረመችው ናጅዋ ናት። በቱሪዝም ተመርቃ፣ መርሳ ላይ አጎቷ ሱቅ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች። ዛሬ ከድርጅቱ የመጡት በረከትና ፎቶ አንሺዋ ሔዋን አካባቢውን ከወደዱት ሸለቆው የጉብኝት መስመር ውስጥ ይገባል፤ እሷም አስጎብኚ ሆና ትቀጠራለች።

ቀኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አላት። መርሳ ሳይደርሱ ጎማ ፈነዳ። የዋሻው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቁልፉን ይዘው ሕክምና ሄደዋል። የጥንቶቹን መቃብሮች ቁልቋል ውጧቸው ሔዋን እጇን ተወጋች። ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ የመኪናው ጭስ ማውጫ ድንጋይ ገጭቶ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የቀራቸው ማን እንደሠራው ሽማግሌዎቹ እንኳ የማይስማሙበት ትልቁ የድንጋይ ቅጥር ነበር። ሥሩ ያለውን ጥላ ግን ሰው ሞልቶታል።

"የደም እርቅ ነው" አለች ናጅዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አስታራቂዎቹ አበጋሮች ተቀምጠዋል። አንዱ አባቴ ነው።"

"አባትሽ ከሆነማ ሂጂና ንገሪያቸው! ለትንሽ ጊዜ ብቻ ገለል ይበሉልን።"

ሄዳ ከዳር ቆመች። አባቷ አብዱልሐሊም ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

"አባ፣ ሰዎቹ ሊሄዱብኝ ነው።"

"ወደዚህ እንደምታመጫቸው ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንግዳ አለኝ ብዬዎት አልነበር!"

"እንግዳ አለኝ አልሽ። እኔ ቤት የምታመጫቸው መስሎኝ ዶሮ አርጄ ወጣሁ።"

ናጅዋ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሸለቆውን ሁሉ ስታጠና አባቷን መጠየቅ ረስታለች።

"መሪማ ገና አፏን አልከፈተችም" አሉ አባቷ። "ልጇ በመስኖ ውኃ ጠብ ከተገደለባት ወዲህ ከገዳዩ ቤተሰብ፣ ከነዓሪፍ ቤት ጋር እሳት አልተጫጫረችም። እሷ ይቅር ካላለች እርቅ የለም። መሐል ላይ ነገር ከተረበሸ ደግሞ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። የሟች ወንድም እስከዚያ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ይመስልሻል? ሂጂ ልጄ፣ ዱዓ አርጊ።"

ስትመለስ በረከት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሔዋንን ያጣድፋል። "ከዚሁ ሆነሽ አንሺ! ይሄ እኮ ከድንጋዩ ይበልጣል!"

"ፎቶ አይነሳም" አለች ናጅዋ።

"ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ፤ እኔም አላነሳም" አለች ሔዋን፤ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከኋላ ገባች።

"ጥሩ፣ እንሂዳ! ሪፖርቱ ላይ ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ። የሚታይ ነገር የለም።" ቁልፉን ሰካ።

በዚህ መሐል ቅጥሩ ሥር ጸጥታ ወረደ። መሪማ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ቆማለች። ከፊቷ የገዳዩ አባት ዓሪፍ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተንበርክኳል። የመሪማ ከንፈር ተላቀቀና እንደገና ገጠመ። ከወንዙ በቀር ድምፅ የለም።

"ትንሽ ጠብቅ" አለች ናጅዋ። "ሞተሩን አታስነሳው። እስክትናገር ብቻ።"

"ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩሽ እኮ፣ የኔ እህት!"

እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ናጅዋ በመስኮቱ እጇን ሰዳ ያዘችው፤ ቁልፉን ነቀለችና ጨበጠችው።

በረከት ፊቱ ቀላ። "አበድሽ?" አለ፤ እሱም ሳይታወቀው በሹክሹክታ። "ሥራውን አትፈልጊውም ማለት ነው?"

"እፈልገዋለሁ እንጂ" አለች። በእሱም፣ በአባቷም፣ በራሷም ተናዳለች። "እንዴት አልፈልገውም?"

ቁልፉን አልመለሰችም። ጎማውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ቅጥሩ አዞረች።

"ተናገሪ፣ እትየ መሪማ" አለች በልቧ። "ቢስሚላህ በይና ተናገሪ።"