የዴርቭላ መደብ

«ማላኪ! ያን ፍግ እንዳትደፋው!»

ፊንታን በጥቁር ሱፉ ከቤት ሮጦ ወጣ። ታናሽ ወንድሙ ማላኪ አካፋውን እንደያዘ ክው አለ። ምስኪን፣ ውለታ መዋሉ ነበር፤ እኛ ዘንድ ገበሬ ሐዘን ሲደርስበት አንዱ ላም ያልብለታል፣ አንዱ ፍግ ይበትንለታል።

«ኧረ ወንድሜ፣ ይቺ የደጃፍ መደብ ገርጥታ አሳዘነችኝ እኮ!»

«ራሷ ዴርቭላ ናት እንደዚያ ያደረገቻት። አትንካት አልኩህ!»

የፊንታን ሚስት ዴርቭላ ሳሎን ውስጥ በሬሳ ሳጥኗ ተኝታለች፤ ነገ ትቀበራለች። ገና ከቤት ሳትወጣ ናፍቃዋለች። ኩሽናው በሻይ፣ በሳንድዊችና በጎረቤት ሹክሹክታ ተሞልቷል፤ የጎደለው የእሷ ድምፅ ነው።

በጸደይ ከመደቡ ጥቁሩን አፈር እየገፈፈች በጋሪ ስታወጣ ፊንታን በሳቅ ፍርስ ብሎ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? እንዲህ ያለ ለም አፈር ይጣላል?»

«ለም ከሆነማ ሳሩ አበቦቹን ይውጣቸዋል። የሜዳ አበባ የሚስማማው ችግር ነው» አለች ላቧን እየጠረገች። «እኔስ አንተን አገባሁ አይደል?»

ከዚያ ሕመም ጣላት። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቃ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጠችለት። «የብርዱ ወራት ሳይገባ ዝራልኝ፤ ብርድ ካልመታው አይበቅልም» አለችው። እሺ አላት። ሳይዘራላት ቀድማው ሄደች።

አሁን እሷ ከቤት ሳትወጣ መዝራት አለበት። ቆርቆሮውን አምጥቶ እፍኝ እፍኙን በተነ፤ አሸዋው ዘሩ የት የት እንደደረሰ ያሳየዋል። ከዚያ በልማዱ አፈር ሊያለብሰው መቧጠጫውን ሲያነሳ እጁ ቀጥ አለ። «ድንች መሰለህ? አፈር እንዳታለብሰው፣ ብርሃን ይይ። ርገጠው ብቻ» ብላው ነበር።

ለቀስተኞች በር ላይ ተሰልፈዋል። ጎረቤታቸው እትዬ ኡና መደቡን ዞረው ሊያልፉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘ።

«በላዩ ይሂዱ።»

«ምን ነካህ ልጄ? የዴርቭላን መደብ ልርገጥ?»

«ካልተረገጠ አይበቅልም። እሷ ናት ያለችኝ።»

አሮጊቷ አዩት፤ እንባቸው መጣ። ጫማቸውን ቀስ አድርገው አሳረፉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ማላኪ በቦቲው ሁለቴ ተመላለሰ።

በማግስቱ ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች መንገዱን ትተው በመደቡ አለፉ። ፊንታን ከፊት ነበር። መሃሉ ላይ ሲደርሱ «ትንሽ ቆዩ» አለ። ክብደቷ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ እግሩን አንስቶ ቀስ ብሎ ረገጠ።