ሁለት እፍኝ ምስር

«ሾርባው ግሩም ነው፤ አላህ ይዘንላት» አሉ ጎረቤቱ አቡ ሳኽር፣ ጢማቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ።

ጋሌብ ራሱን ነቀነቀ። የእህቱ የሩዋይዳ ሐዘን ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ እጅ ሲጨብጥ መዳፉ ደንዝዟል፤ ስኳር የሌለው ቡና አፉን እንደ ኖራ አድርቆታል። የመጣው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። «መምህርት ሩዋይዳ ባትኖር ልጄ ከቤት አይወጣም ነበር።» «የኔዋ ራሷን ልትጎዳ ነበር፤ እሷ ናት ያተረፈችልኝ።»

አንተስ ባትኖር ብሎ የጠየቀው የለም። አባታቸው ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ልስን ሥራ የገባው እሱ ነው፤ በእሱ ወገብ ነው እሷ ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ተምራ ተምራ ምን ሆነች? የኢርቢድን ከተማ ጎረምሳና ኮረዳ ምንጣፍ ላይ አጋድማ ትንፋሽ የምታስተምር!

«ለዚህ ነው ሲሚንቶ የተሸከምኩት?» ብሏት ነበር በሰው ፊት። «መተንፈስማ አህያም ያውቅበታል።»

ሳቀች። «አህያው ያውቅበታል፤ የማታውቅበት አንተ ነህ። ትከሻህን እየው፣ ጆሮህ ደርሷል። ሐሙስ ክፍላችን የቤተሰብ ቀን ነው፤ ና ትጋደማለህ።»

«ሬሳ መሰልኩሽ?»

አራት ሐሙስ ጠራችው። አራቱንም ቀረ።

«አጎቴ፣ አላህ ያጽናዎት።»

ቀና አለ። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ቢሆናት ነው። ወንዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ጁማና እባላለሁ፤ የመምህርት ተማሪ ነኝ። ከረጢቴን ልወስድ ነበር።»

«የምን ከረጢት?»

«የምስሯን። ስሜ ተጠልፎባታል። ሲያስጨንቀኝ ተጋድሜ ሆዴ ላይ አደርጋታለሁ፣ ከፍ ዝቅ ስትል እያየሁ እተነፍሳለሁ። መምህርት ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ነገ ደግሞ ፈተና ነው።»

የጋሌብ ዓይን አቡ ሳኽር የሾርባ ሳህን ላይ አረፈ። ትናንት ሚስቱ ፈድዋ ለእንግዳው የሚሰራ ነገር አለቀ ስትለው፣ የእህቱን ቁምሳጥን የከፈተው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ትንንሽ ከረጢት። «ምሁር! ምስር እንኳ እንደ ሰው አታስቀምጥም» እያለ በቢላ የዘረጠጣቸውም እሱ ነው። ጥልፉን አላየውም።

«በላነው» አለ።

አቡ ሳኽር ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሁሉንም?» የልጅቷ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ያን ትከሻ ጋሌብ ያውቀዋል።

ቤት ገባና ባዶ ከረጢቷን ፈልጎ፣ ከጎረቤት ምስር ለምኖ፣ ከፈድዋ መርፌ ይዞ ተመለሰ።

«ስንት ነበር?»

«ሁለት እፍኝ። በመምህርት እጅ።»

ሲሚንቶ የሰነጣጠቀውን መዳፉን አየ። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት የያዘው የእህቱ እጅ ትዝ አለው፤ በጣቶቹ መሃል ትጠፋበት ነበር። አንድ እፍኝ አደረገ፤ ትንሽ ጨመረና እንደገና ቀነሰ። የከረጢቷን አፍ በወፍራም ክር ሰፋው።

«ይበቃል?»

«ሳይሞክሩት አይታወቅም።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ከረጢቷን ሆዱ ላይ አኖራት። አልተንቀሳቀሰችም።

«ይተንፍሱ እንጂ፣ አጎቴ።»

ሊያጽናናው እጁን የዘረጋ እንግዳ ፊቱ ቆሟል። ጋሌብ ዓይኑን ከከረጢቷ ሳይነቅል፣ በአንድ ጣቱ ቆየኝ አለው።